የዘበኛው ሳል

የእህል መጋዘኑ ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ ይስሉ ነበር። እኛ ጎረቤቶቹም «አልሃምዱሊላህ፣ ነቅተዋል» እያልን ዓመታት በሰላም ተኛን። ሳሉ ሥር የሰደደ የሳንባ ካንሰር መሆኑን የሰማነው ጂዳ ያለችው ልጃቸው ማሳከም ስትጀምር ነው።

መጀመሪያ ኬሞና ጨረር ወሰዱ፤ ቀጥሎ የታመመው የሳንባቸው ክፍል ተቆርጦ ወጣ። አሁን ደግሞ ከመካነ ሰላም አዲስ አበባ እየተመላለሱ መርፌ ይወጋሉ። ሌሊት አሁንም መጋዘኑን ይጠብቃሉ፤ ቀን ቀን ሻይ ቤቴ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ የድሮው ካፖርታቸው ዛሬ ሁለት ሰው ይይዛል።

«መርፌው ምን ያደርጋል፣ አባባ?» አልኳቸው።

«በሰውነቴ ውስጥ ያሉት ዘበኞች ተኝተዋል አለ ዶክተሩ፤ እነሱን ይቀሰቅሳል። ወላሂ፣ የተኛ ዘበኛ ይባረራል እንጂ መርፌ ሲወጋ አይቼ አላውቅም!»

ሲስቁ አልሳሉም። ጣጣውም ይኸው ነበር። ሳሉ ሲጠፋ ባለመጋዘኑ ሃሩን «ሽማግሌው መተኛት ጀመሩ፤ ሌላ ዘበኛ ፈልጉልኝ» አለ።

በማግስቱ ሳሉ ተመለሰ። ሰፈሩም ተመልሶ ተኛ። እኔ ግን የውሸቱን ከእውነተኛው መለየት አቃተኝ።

«ለሃሩን ብዬ ነው የምስለው፣ አታስቢ» ይሉኛል።

ሃሩንማ ተኝቷል፤ የምሰማው እኔ ነኝ።