ቃሬዛው አራት ሰው ይፈልጋል

እናቴ ዛሬ ከእድር ስብሰባ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣ «አነበቡት» አለች። «ባሻ ወልዴ ራሳቸው ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ተቀበሉትም።»

ሽሮ እያማሰልኩ ነበር። ማማሰያውን እንደያዝኩ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ ሽሮው አረረ። አባቴ ያረረውን በልቶ፣ «የጸሐፊ ወጥ እንዲህ ነው» አለ።

የተነበበው እኔ የጻፍኩት ማመልከቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በእድራችን ደንብ መጠጥ ያሳመመው ሰው እንደ ማንኛውም በሽተኛ ይጠየቃል፤ ሐኪም ቤት መሄድ ካለበትም በእድሩ ቃሬዛ ይወሰዳል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ጽሑፌ የሰፈር ደንብ ለወጠ፤ ብደሰት አይፈረድብኝም። ግን ለእድሩ ስጽፍ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን የጻፍኩት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሲሆን ውሸት ነበር።

አባቴ በባቡር ጥገና ቤት ብረት ቆራጭ ነበር። «ተፈራ የቆረጠው ብሎን ዘይት ሳይቀባ ይገባል» ይሉለት ነበር። ያን ጊዜ ከሥራ በኋላ አንድ መለኪያ አረቄ ይጠጣል፤ ቀስ በቀስ ከሥራ በፊትም ሆነች፤ ኋላማ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሻይ ብርጭቆ አይዝም ነበር። አንድ ቀን ማሽኑ ጣቱን ሊበላው ሲል ለጥቂት ተረፈና፣ «በቃኝ» ብሎ የንስሐ አባቱ ፊት ተገዝቶ መጣ። ነሐሴ ነበር። ቀን ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፣ ወደ ማታ ከደቻቱ ወንዝ በኩል የእርጥብ አሸዋ ሽታ ይመጣል።

በሁለተኛው ቀን ይንቀጠቀጥ ጀመር። በላብ ተነከረ። ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል እያለ በመዳፉ ይጠርጋል፤ ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም።

እናቴ ደብተሬን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «ጻፊ። ባለቤቴ በወባ ታሟልና እድሩ ይጠይቀን በይ።»

«ወባ ነው እንዴ?»

«ይንቀጠቀጥ የለም? ጻፊ ነው የምልሽ።»

አልፈርድባትም። ደንባችን «በመጠጥ፣ በጠብና በገዛ እጁ ለታመመ እድሩ አይጠይቅም፣ ቃሬዛም አያወጣም» ይል ነበር። ወባ ግን በእኛ ከተማ ያልያዘው ማን አለ? ወባ ጨዋ በሽታ ነው። ስለዚህ ጻፍኩ፣ ያውም አሳምሬ። የእድሩ ዳኛ ባሻ ወልዴ ወረቀቱን አይተው፣ «ይቺ የማን እጅ ናት? ማተሚያ ነው የሚመስል» አሉ። አባቴ አጠገቤ ሲያቃስት እኔ «ማተሚያ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አስባት ነበር። አሁን ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ጎረቤቱ ፓፓያውን፣ ሎሚውን፣ የአጃ ሙቁን ይዞ መጣ። የሰፈራችን ድሬሰር ጋሽ ከበደ የወባ ኪኒን ሰጠው። ኪኒኑ ጆሮ ያስጮሃል፤ አባቴ ግን ጆሮዬ ይጮሃል ሲል፣ «ወባው በርትቷል» ተባለና ኪኒኑ ተጨመረ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጥርሱን ነክሶ ተንፈራገጠ፤ ዓይኑ ተገለበጠ። ባሻ ወልዴ ቃሬዛ አስወጡ።

ሐኪም ቤቱ ከደቻቱ ማዶ ነው። ደቻቱ ሲደርቅ ሰው የሚሻገርበት አሸዋ ነው፤ በክረምት ግን ከተማው ፀሐይ ሆኖ ደንገጎ ተራራ ላይ ከዘነበ፣ ሳይታሰብ ይሞላል። የሰሞኑ ጎርፍ ዳርቻውን ስለናደው ጋሪ አያልፍም ነበር። አራት ሰዎች ተሸከሙት፤ አንደኛው የአባቴ የሥራ ጓደኛ ጋሽ ደምሴ ነው። ባሻ ወልዴ ከፊት ይመራሉ፤ እናቴ፣ ጋሽ ከበደና እኔ ከኋላ እንከተላለን። ደንገጎ ጠቁሮ ነበር።

አሸዋው መሀል ስንደርስ ጋሽ ከበደ እናቴን፣ «አይዞሽ፣ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፤ የወባውን መድኃኒት በእጥፍ አድርገው በመርፌ ይሰጡታል» አላት። እንድትናገር ጠበቅኳት። ሦስት እርምጃ፣ አራት እርምጃ ጠበቅኳት።

«ወባ አይደለም» አልኩ። «አረቄ ካቆመ አራተኛ ቀኑ ነው። ወባ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ባሻ ወልዴ ወደ እናቴ ዞሩ። «አስካለ፣ እውነት ነው?»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«እንግዲያው ይውረድ።»

«ባሻ፣ እዚህ?» አለ ጋሽ ደምሴ።

«ደንቡን አንተም ፈርመህበታል። ነገ የሁሉም ሚስት ወባ ነው ብትለንስ? ሰካራም ተሸክመን ስንገባ ሰው ምን ይለናል?»

አወረዱት። ቃሬዛው የእድሩ ነውና ከሥሩ መዘዙት። ጋሽ ደምሴ፣ «ፍራሹ ይቅርለት» አለና የቃሬዛውን አንድ ጫፍ አነሳ። ተያይዘው ተመለሱ። ጋሽ ከበደ ብቻ ቀረ፤ ተንበርክኮ የአባቴን እጅ ይዞ፣ «ምነው በመጀመሪያው ቀን በነገራችሁኝ» ይላል።

ወተት ሻጭዋ አዴ ፋጡማ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ ያገኘችን እንዲህ ሆነን ነው።

«ያ ረቢ፣ ሰው ነው እቃ እዚህ የጣላችሁት? ውሃው እየመጣ ነው፤ አይሸታችሁም?»

«ሰካራም ነው» አለች እናቴ። ቃሉን ከአፏ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

«እና ሰካራምን ውሃ አይወስደውም?» አለችና አህያዋን ለቀቀች። «እኔ እድር የለኝም እህቴ፣ ደንብም አላውቅ። በእግሩ በኩል ያዙ።»

ወንድሞቿ ሁለቱን የፍራሽ ጫፍ፣ ጋሽ ከበደ ሦስተኛውን፣ እኔና እናቴ አራተኛውን ያዝን። ማዶ ወጥተን ብዙም ሳንቆይ ደቻቱ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። አባቴ የተኛበት ቦታ የቱ እንደነበር ሊለይ አልቻለም።

ሐኪሙ እውነቱን ሲሰማ አልተቆጣም። የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጠው፤ ለዓመታት የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ብቻውን ሲያቆም ሊሞት እንደሚችልም ነገረን። አባቴ ተረፈ። ቤታችን ግን አንድ ሰው ድርሽ አላለም። የበላነውን ፓፓያ የሰረቅነው ይመስል ሰው መንገድ ይቀይርብን ነበር። ትምህርት ቤት ስሜን ትተው «ወባ» ይሉኝ ጀመር። አባቴ ከዚያም ሁለት ጊዜ ወደ አረቄው ተመልሶ ወድቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ በጋሪ ወሰድነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ወባ አላልንም። እጁ ዛሬም ስለሚንቀጠቀጥ ብሎን አይቆርጥም፤ ዕቃ ያቀብላል።

ባለፈው ሳምንት የጋሽ ደምሴ ሚስት ቧንቧ ላይ አግኝታኝ፣ «ደምሴን ወባ ጣለው» አለችኝ። ለአባቴ ነገርኩት። ሄዶ በሩን አንኳኳ፤ በሦስተኛው ቀን ከፈቱለት። ጋሽ ደምሴ እግሩ አብጦ መራመድ አይችልም፤ ብርጭቆውም አልጋው ሥር ነው። ሐኪም ቤት እንዲሄድ ቢለምነው፣ «እኔንም አሸዋ ላይ ሊጥሉኝ?» አለው። አባቴ፣ «መጠጡን ግን ብቻህን እንዳታቆም» ብሎት መጣና፣ ልክ እናቴ እንዳደረገችው፣ ደብተሬን ፊቴ አስቀመጠ።

«ጻፊ። የሆነውን ሁሉ።»

አሸዋውን ጻፍኩ። «ይውረድ» የሚለውንም ጻፍኩ። ባሻ ወልዴ ዛሬ የገዛ ቃላቸው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆሞ እንደነበር እናቴ ነገረችን። ከዚያ ቀጠሉ። ይቅርታ አላሉም። «አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ» ብቻ ብለዋል።

ነገ ጋሽ ደምሴን እንወስደዋለን፤ ስሜን ጻፊው ብሎ ፈቅዶልኛል። ባሻ ወልዴ፣ ጋሽ ከበደና አባቴ አሉ። ሌሎቹ አባላት እጃቸውን ለደንቡ አወጡ እንጂ ለቃሬዛው አላወጡም። እኔ ልያዝ ብል አባቴ፣ «አጭር ነሽ፣ ያዘነብላል» አለኝ።

ስለዚህ የአባቴን መልእክት ለእናንተ አደርሳለሁ። ሰፈራችሁ ሩቅ ከሆነ፣ ወባ ነው የተባለ ጎረቤት ካላችሁ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ፤ ባይከፈትም በማግስቱ ተመለሱ። ቅርብ ከሆናችሁ ግን ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከእድሩ ቤት በር እንነሳለን፤ አራተኛው ጫፍ ሰው የለውም። ኑ። መሀል ላይ አናወርድም።