ሁለት ጊዜ የተነሣው የአጎቴ አንገት

አጎቴ መሪጌታ ዛሬ ባሕር ዳር የአንገት ኤምአርአይ ሁለት ጊዜ ተነሡ።

ደብረ ወርቅ ውስጥ አቋቋም፣ በከበሮና በመቋሚያ የሚዘመመውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ያስተምራሉ። እጃቸው እየደነዘዘ መቋሚያ መያዝ ስላቃታቸው ነው የደብረ ማርቆሱ ሐኪማቸው የላከን።

«እንዳይነቃነቁ» ተብለው ገቡ። ማሽኑ ዱም ዱም ሲል ግን አንገታቸው ከምቱ ጋር ግራና ቀኝ ይል ጀመር፤ ምስሉ ተበላሸ።

«አባቴ፣ ምነው ተነቃነቁብኝ?» አለች ባለሙያዋ።

«ልጄ፣ ከበሮ እየመታችሁ አትነቃነቅ ይባላል እንዴ?»

በሁለተኛው ዙር ምቱን ላለመከተል ውዳሴ ማርያም በልባቸው ደገሙ። ጥርት ብሎ ወጣ፤ አጥንቱ ደህና ነው፣ አንድ ዲስክ ግን ነርቭ ተጭኗል።

እዚያ ማሽን ውስጥ የገባችሁ፣ እንዴት ዝም ብላችሁ ቻላችሁት? ጻፉልኝ፣ አነብላቸዋለሁ።

ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪማቸው ማክሰኞ ይወስናል።