ሐኪሙ የሳለልኝ ማህፀን

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬስ ዝም ብዬ አልሄድም፤ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው። እልልታችሁን ግን በሆዳችሁ ያዙልኝ፤ ተደብቀን ነው የምንጸልየው፣ የቀበሌው ዘበኛ ጆሮው ቀጭን ነው። ስሙ ይባረክ!

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ እንደምሠራ ታውቃላችሁ። ከባለቤቴ ከአበራ ጋር ቁስቋም ሰፈር ዘጠኝ ዓመት ኖርን፤ ልጅ የለም። ጸበል ገባሁ፣ ተሳልኩ፣ ሥር ቀቅዬ ጠጣሁ፤ ምንም። አማቴ ከሳንጃ በመጡ ቁጥር እኔ እየሰማሁ፣ «ልጄ ዘሩን ድንጋይ ላይ በተነ» ይላሉ። እኔም አምኜ ነበር። ዘር የወንድ ነው፣ ሴት መሬት ናት፣ የእኔን መሬት እግዜር ረግሞታል ብዬ ተቀምጬ ነበር። ጎረቤት ሲወለድ ለገንፎ አይጠሩኝም። መካን አራስ ቤት ከገባች ሕፃኑ ይታመማል ይባላላ! ወንድ ይሁን ሴት፣ ቤቴ ሆኜ ከእልልታው ብዛት አውቅ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም መረመረኝ፤ ራጅም አነሡኝ። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ማህፀን ሳለልኝ፤ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቱቦ ያለው። የምታስተረጉምልን ሲስተር ወይንሸት ነበረች።

«እንቁላል አለሽ» አለኝ።

«ዶሮ ነኝ እንዴ?» አልኩት። ሲስተር በሳቅ ፈረሰች።

«ሴትም ከራሷ ታዋጣለች» አለችኝ። «እንቁላልሽ ከባልሽ ዘር ጋር የሚገናኘው ቱቦው ውስጥ ነው። ያንቺ ሁለቱም በቆየ ቁስለት ተደፍነዋል። እርግማን አይደለም።»

«መላ የለውም?»

«እዚህ የለም። በውጭ አገር ግን አዲስ ሕክምና አለ። እንቁላሉ እንዲበስል መድኃኒት ይሰጣሉ፤ በመርፌ ያወጡታል፤ በመስታወት ሳህን ከባልየው ዘር ጋር ያገናኙታል። ሁለት ሦስት ቀን በሙቀት ያቆዩትና ወደ እናቱ ማህፀን ይመልሱታል። የሚያድገው እንደማንኛውም ልጅ እናቱ ሆድ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይይዝም።»

ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩ። አበራ ይደሰታል ብዬ! «እየው፣ ድንጋይ አይደለሁም» አልኩት።

አገላብጦ አየና፣ «ታዲያ ያንን አገር በምን ትደርሽበታለሽ? የይለፍ ወረቀት ሳይጻፍልሽ ከአዘዞ ኬላ እንኳ አትወጭም» አለኝ። እውነቱን ነው። በወሩ ጥሎኝ ሳንጃ ወረደ፤ እናቱ ሌላ አጭተውለት ኖሯል።

ወገኖቼ፣ ማወቅ ሸጋ ነው፤ ብቸኝነቴን ግን አባሰው። ቀድሞ ተረግሜያለሁ ብዬ አለቅስ ነበር። አሁን መድኃኒቱ የት እንዳለ አውቄ መድረስ አቃተኝ። ለአንድ ሰው ሽሮ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ሁልጊዜ ይተርፋል።

በዚያው ሰሞን ሲስተር ወይንሸት ወለደች። እኔ እንደ ልማዴ ቀረሁ። በሳምንቱ «ምነው ቀረሽ?» ብላ ላከችብኝ። ሄጄ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

«ግቢ እንጂ!»

«ሲስተር፣ እኔ እኮ…»

«አውቃለሁ» አለችና ልጇን አስታቀፈችኝ፤ እሷ ገላዋን ልትታጠብ ጓዳ ገባች። እናቷ «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ!» ብለው ጮኹ። «እማዬ፣ ጌታ ይጠብቀዋል፤ ተያት» አለቻቸው። ሕፃኑ ጣቴን ያዘ። ወይኔ! ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ስትመለስ፣ «ማነው እንዲህ ያደፋፈረሽ?» አልኳት። ስለ ኢየሱስ የነገረችኝ ያኔ ነው። እዚያው ተንበርክኬ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌሉያ! ኧረ በሆዳችሁ አልኳችሁ!

አሁን «ከዚያስ ወለድኩ» እስክል እየጠበቃችሁ ነው፤ ፊታችሁን አያለሁ። አልወለድኩም። ቱቦዬ እንደተደፈነ ነው። ጌታ ቢከፍተው ይችላል፤ ባይከፍተውም ጌታ ነው። ቤቴም ዛሬም ጭር ይላል፤ አልዋሽም። ግን የተረገመች ሴት ቤት አይደለም፤ ክብር ለስሙ!

እንደ እኔ ያለሽ እህት፣ ሐኪሙን ጠይቂ፣ ይንገርሽ፣ ተረጂ። በኢየሱስም ታመኚ፤ ሳትወልጂም ልጁ ነሽ።

አሁን ልንጸልይ ነው። ሕፃን የያዛችሁ እናቶች፣ እጃችሁ ይደክማል፤ እስክንጨርስ አንዳችሁ ለእኔ አቀብሉኝ።