እልፍ አእላፍ ከአንድ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ የነበረው የወላጆቼ ቤት ፈረሰ።

ጣሪያው ቀድሞ ተነሥቶ ስለነበር፣ እናቴ ለየበዓሉ በዱቄት ሙጫ እየደራረበች የለጠፈችው ጋዜጣ በሌሊቱ ዝናብ ርሶ ከግድግዳው ተገሸለጠ፤ የእርጥብ ጭቃና የኮመጠጠ ሙጫ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው፣ ከሥሩ የታላቅ እህቴ የፅጌ የከሰል ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ዞር ይበሉ እንጂ፣ ይናድብዎታል!» አለኝ የኤክስካቫተሩ ሾፌር።

«አንዴ ጠብቀኝ፣ ቁጥር ልገልብጥ።»

«የቤት ቁጥር ነው?»

«የእህቴ ነው።»

ያን በጻፈችበት ጊዜ፣ ታላቄ ብትሆንም፣ እኔና ፅጌ ሰባተኛ ክፍል አብረን ነበርን። እሷ የካ ሚካኤል ከነበሩ አንድ የኔታ የግዕዝ ቁጥር ተምራለች፤ ስለዚህ የሒሳብ መምህራችን «እልፍ አእላፍ ማለት ተቆጥሮ የማያልቅ ማለት ነው» ያሉ ዕለት እጇን አወጣች።

«ያልቃል ቲቸር። እልፍ አሥር ሺህ ነው። እልፍ ጊዜ እልፍ መቶ ሚሊዮን ነው።»

«እንግዲያው አንድ ጨምሪበትና ያለ ቀሪ አካፍለሽ አምጪ። ለአንድ ብለሽ ደግሞ እንዳታሾፊ! እስከዚያ ደጅ። ካቃተሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።»

ወረቀት ሲያልቅባት 100000001ን ይዛ ወደ ቤታችን ግድግዳ ዞረች። ለሦስት፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ፣ ለአሥራ ሦስት ስታካፍል ሁሌም ቀሪ ይወጣባታል፤ እኛም እንደ ኳስ ተመልካች ከኋላዋ ቆመን እናፏጫለን፤ አባታችን ደግሞ ከሰል የነካውን ግድግዳ እያየ «ይቺ ልጅ ቤቱን ልታካፍለው ነው» ይላል። አሥራ ሰባት ላይ ቀሪው ጠፋ። 5882353።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው አረጋገጡ። «ልክ ነው። በይ አሁን ለድፍረትሽ ይቅርታ ጠይቂና ግቢ።»

«ቀሪው ዜሮ ነው ቲቸር። ምን ቀርቶ ነው ይቅርታ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ፅጌ ደጅ ቀረች። ተርሙ እስኪያልቅ በመስኮት ተማረች እንጂ ይቅርታ አልጠየቀችም። እሳቸውም ግቢ አላሏትም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት በመስኮቱ ወገን፣ በትልልቁ ሆነ።

ፅጌ ካረፈች ቆይቷል። መምህሩም የኔታም የሉም፤ አሁን ደግሞ ግድግዳው። ከቁጥሩ በታች ግን ሌላ ነገር ጽፋ ነበር፦ ያንኑ ቁጥር 588 እና 2353 ብላ ለሁለት ከፍላ፣ በእያንዳንዱ አናት ላይ ትንሽ 2 አስቀምጣለች። በልጅነቴ ጌጥ ይመስለኝ ነበር።

ፍርስራሹ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁ። 588 በራሱ ሲባዛ 345744 ነው። 2353 በራሱ ሲባዛ 5536609 ነው። ደመርኳቸው፤ ደግሜም ደመርኳቸው። 5882353።