አጥፌ የተቀመጥኩበት ሥዕል

ኧረ እጅሽን! ነጠላዬን በምንሽ ነው የያዝሽው? ነይ እስቲ፣ አምጪው። አትደንግጪ፣ አልቆጣሽም፣ ላሸተው ነው። ይሄ የምድጃ ከሰል አይደለም፤ የምድጃው ይከብዳል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ይሄኛው ቀለል ያለ ነው፣ ዝናብ የነካው እንጨት ፀሐይ ሲያገኘው የሚሸተውን ይሸታል። የሥዕል ከሰል ነው። አንቺ ደግሞ አያቴ ምኑን ታውቀዋለች ብለሽ ይሆናል። እኔ የአንደኛ ዓመት የሥዕል ትምህርት ጨርሼ ቁጭ ያልኩ ሴትዮ ነኝ!

ሳቂ፣ ሳቂ። ፈርሚ ሲሉኝ አውራ ጣቴን ቀለም የምነክረው ሴትዮ፣ አዎ እኔው። ሳቅሽን ስትጨርሺ ስሚኝ።

ያኔ አስራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዘመኑን አልነግርሽም፤ ጣትሽን እየቆጠርሽ ዕድሜዬን ልታወጪ ነው። ቤታችን ተክለ ሃይማኖት ነበር፣ ሱቃችን መርካቶ፣ ሸማ ተራ። ሱቅ ስልሽ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ፤ እናቴና እኔ ጎን ለጎን ከተቀመጥን ደንበኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚገዛው። ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ እኔ ነጠላ አጥፋለሁ። በማጠፍ ግን ተራው ውስጥ የሚያክለኝ አልነበረም! ጥለቱን አቧራ እንዳያየው ወደ ውስጥ አድርጌ፣ ጫፍ ከጫፍ ገጥሜ፣ በመዳፌ ዳብሼ፣ ከዚያ መልኩን እንዲይዝ ቁጭ እልበታለሁ። እኛ ዘንድ ካውያው መቀመጫችን ነበር።

እናቴ የጓሮዋን ክፍል ለአንዲት የሥዕል ተማሪ አከራየች። ከጉራጌ አገር የመጣች የነጋዴ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቷ ሁልጊዜ ጥቁር። እኔ እታለም እላታለሁ፣ እሷ ሚጣ ትለኛለች። አባቷ ሲልካት ያላትን ደጋግማ ነግራኛለች። "አንድ ዓመት ሰጥቼሻለሁ። ካለፍሽ ቀጥዪ። ከወደቅሽ ሱቁም ይጠብቅሻል፣ ባሉም ይጠብቅሻል።" ባሉን አይታው አታውቅም። ሱቁን ግን ታውቀዋለች፤ ስታስበው ትከሻዋ ይወርድ ነበር።

እናቴ የመጀመሪያው ቀን ነው የጠየቀቻት።

"ለመሆኑ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ያስተምሯችኋል?"

"ማየት ነው እትዬ።"

"ዓይን ሳይኖርሽ ነው እንዴ ከአገርሽ የመጣሽው?"

እኔ ከሳቅ ብዛት የያዝኩትን ጋቢ ጣልኩት። ማታ ግን ሹልክ ብዬ ክፍሏ ገባሁ። ማየት የሚባለውን ነገር ላይ ነዋ!

እሷ ቀን የተማረችውን እኔ ከእራት በፊት እማረዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ቅርንጫፍ የከፈተ ነበር የሚመስለው። መጀመሪያ ያስተማረችኝ ወረቀቱን ሳያዩ መሳል ነው። "ዓይንሽን ከምትስዪው ነገር ላይ አትንቀዪ፤ እጅሽ ዓይንሽን ይከተል" አለችኝ። እኔም ጥጥ የምትባዝተውን እናቴን እያየሁ እጇን ሳልኩ። እናቴ መጥታ አየችው።

"ይሄ የዶሮ እግር የማነው?"

"ያንቺ እጅ ነው።"

በዚያው እጅ ቆነጠጠችኝ።

ከዚያ ጥቁርና ነጭ መጣ። ከነጭ ተነስተሽ እያጠቆርሽ፣ እያጠቆርሽ ጥቁር ድረስ የምትሄጂበት፣ አንቺም ባለፈው ሳምንት ስትነጫነጪበት የነበረው። እታለም ሁለት ቀን ተቸገረችበት፤ ነጮቹ ሁሉ አንድ እየሆኑባት። እኔ ሱቅ ሮጬ ነጠላ አምጥቼ አልጋዋ ላይ ደረደርኩላት። ያልታጠበ ነጭ፣ ታጥቦ ያደረ ነጭ፣ ፀሐይ የመታው ነጭ፣ አሮጊት ለብሳው የኖረችው ነጭ። "ይሄው! እነዚህ ደግሞ አንድ ናቸው?" አልኳት። አፏን ይዛ አየችኝ፣ ከዚያ አቅፋኝ ዘለለች። እኔም ዘለልኩ። ለምን እንደምንዘል ሳላውቅ ዘለልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሸጥኩትን ነገር ያን ቀን ነው ያየሁት።

ዳቦውንስ ነገርኩሽ? ከሰል የሚጠፋው በዳቦ ልብ ነበር፤ አንቺ ዛሬ በላስቲክ ነገር ነው የምታጠፊው። እሷ ዳቦ ገዝታ ታስቀምጣለች፣ እኔ እበላዋለሁ። "ሚጣ፣ ላጲሴን በላሽብኝ!" እያለች ታሳድደኛለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሹ ስህተቷ ሳይጠፋ የቀረው በኔ ሆድ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ያሳበደኝ ግን ባዶው ነው። በርጩማ አስቀመጠችና "በርጩማውን እንዳትስዪ። በእግሮቹ መሃል ያለውን ባዶ ብቻ ሳዪ" አለችኝ።

"ባዶ ምን አለውና ይሳላል?"

"ዝም ብለሽ ሳዪው።"

ሳልኩት። አንዱን ባዶ፣ ሌላውን ባዶ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ባዶ። ቀና ብዬ ሳየው በርጩማው ራሱ መጥቶ ቁጭ ብሏል! ማንም ሳይነካው! ጮህኩ እኮ። እናቴ እባብ የነደፈኝ መስሏት ጥጧን እንደያዘች ገባች።

ከዚያ በኋላ መርካቶ ሌላ ሆነብኝ። ፍራሽ የተሸከመ ሰው ሲያልፍ በእግሩ መሃል አያለሁ። መኪና ላይ በተቆለለው ጆንያ መሃል ሰማዩን አያለሁ። አንድ ቀን አንዲት ወፍራም ደንበኛ ወገባቸውን ይዘው ሲከራከሩ "እትዬ፣ እባክዎ እንዳይነቃነቁ፤ በክንድዎና በወገብዎ መሃል ያለው ባዶ ሲያምር!" አልኳቸው። የያዙትን ጋቢ ጥለው ሄዱ። እናቴ ያን ቀን ምን እንዳለችኝ ለአንቺ አይነገርም።

አሁን ስልክሽ ላይ ያንን ክብ የቀለም ነገር ስታሳዪኝ ዝም የምልሽ ስለማላውቀው እንዳይመስልሽ። ቀይ ከአረንጓዴ ጎን ሲሆን እንደሚጮህ ጥለት እያገላበጥኩ ነው ያደግኩት።

ሰኔ ገባ። የዓመቱን ሥራ ለመምህራን የሚያቀርቡበት ሰኔ። እታለም ሁለት ትልልቅ ወረቀት አጣብቃ እኔን በቁመቴ ልክ ሳለችኝ። ጋቢ ክምር ላይ ተቀምጬ፣ ባዶ እግሬን ወደ ፊት ዘርግቼ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ተቀመጥኩላት። እናቴ ከሱቅ "አንቺ ሰነፍ፣ ደንበኛ መጣ፣ ተነሺ!" እያለች ሰው ትልክብኛለች፣ እኔ አልነሳም። ሲያልቅ አየሁት። ልጄ፣ እኔ ነበርኩ። አፍንጫዬ ሳይቀር። ያውም ልስቅ ስል የምሆነውን ነገር ይዛዋለች። በዚህ ሥዕል ካላለፈች በምንም አታልፍም አልኩ።

በማቅረቢያው ቀን ጠዋት ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሰሉ እንዳይለቅ የሚረጨው ነገር አልቆባት ከጓደኛዋ ልትዋስ መሳለሚያ ሄደች። "ከሰዓት ነው ተራዬ፣ እመለሳለሁ፣ አደራ ሚጣ" ብላኝ ወጣች። አደራ አለችኝ እኮ!

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ይንጫጫል። አንዱ ጠብታ ግድግዳው ላይ፣ ሁለተኛው ሥዕሉ አጠገብ። ዘልዬ አወረድኩት። አደራ አይደል? ያለኝን እውቀት ሁሉ አወጣሁ። ሥዕሉን ወደ ውስጥ፣ ጫፍ ከጫፍ፣ በመዳፌ ዳበስኩ፣ ደግሜ አጠፍኩ፣ በነጠላ ጠቀለልኩ፣ ጋቢ ደረብኩበት፤ ከዚያ መልኩን እንዲይዝ ቁጭ አልኩበት። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እታለም ውሃ ሆና ገባች። ግድግዳውን አየች።

"ሚጣ፣ ሥዕሉስ?"

"አትስጊ፣ ጠብታ አልነካውም።"

"የታለ?"

"ከስሬ።"

ስትዘረጋው ግንባሬ ላይ የእግሬ ጣቶች ታትመዋል። እግሬ ላይ ደግሞ ፊቴ፣ ተዘቅዝቆ። በመሃል የእጥፋት መስመር፣ ቀጥ ያለ፣ ንጹህ፣ የሸማ ተራ እጥፋት። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ "በቃ፣ ወደ ሱቁ" አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር።

እኔ አለቀስኩ። ለቅሶው ግን ብዙ አልቆየም፤ እግሬን ጫማ ውስጥ አስገባሁ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔው ሄጄ እናገራለሁ። ተነሺ!" አልኳት። እናቴ ሱቅ እየጠበቀችኝ ነው፤ ከእናቴ ቁጣ ያን ቀን የእታለም ዝምታ በለጠብኝ። ሥዕሉን ጠቅልለን፣ ጭቃውን እየረገጥን፣ አውቶቡስ ተሳፈርን።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቀለምና ዘይት ይሸታል፤ በረጃጅሙ መስኮት የሚገባው ብርሃን ከዝናብ በኋላ ታጥቦ የወጣ ነበር። ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል፣ ተራውን የሚጠብቀው ተማሪ ከኋላ ቆሟል። መሃል ያሉት መነጽር ያደረጉ ናቸው፣ ሽበታቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ነክቷቸዋል። እታለም ሥዕሉን ሰቀለችና ጥግ ቆመች።

"ይሄ ምንድነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አልኩ ወደ ፊት ወጥቼ።

ሥዕሉን አዩ፣ እኔን አዩ። "እሱስ ገብቶኛል። ምን ሆነሽ ነው?"

"አጥፌ ቁጭ ብዬበት ነው።"

ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሸማ ተራ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ጥለቱ ለምን ወደ ውስጥ እንደሚሆን፣ ሁሉንም ዘከዘክሁላቸው። መምህሩ አልሳቁም። ሥዕሉ አጠገብ ሄደው እጄ የተሳለበትን ቦታ ብዙ ቆመው አዩ። ከዚያ ወደ እታለም ዞረው "በዚህ ላይ ውጤት ልሰጥሽ አልችልም" አሉ። "ወረቀት አምጡላት። ይቺው ልጅ ትቀመጥ። አሁን፣ እዚሁ ሳዪልኝ።"

ተቀመጥኩ። እታለም ከሰሉን ያዘች። አንድ መስመር አወጣች፣ አጠፋች። ሌላ አወጣች፣ አጠፋች። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ብቻ ተተክሏል፣ እኔን አታየኝም። የአባቷን ሱቅ ነው የምታየው፣ አወቅሁባት። አላስቻለኝም። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ በጥርሴ መሃል፣

"ባዶውን" አልኳት።

ቀና አለች።

"በክንዴና በወገቤ መሃል። ባዶውን ጀምሪ፣ እታለም። እኔ ራሴ እመጣልሻለሁ።"

መጀመሪያ ዓይኗ ሳቀ፣ ከዚያ ትከሻዋ ተነሳ። ከሰሉ ወረቀቱ ላይ ሽው፣ ሽው ማለት ጀመረ። የዚያን ድምፅ ነገር እንዴት ልንገርሽ! መዝለል አማረኝ፣ መንቀሳቀስ ደግሞ አይፈቀድልኝም። አፍንጫዬን በላኝ፣ ቻልኩት። እግሬ ደነዘዘ፣ ቻልኩት። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ከኋላዋ መሰብሰብ ጀመሩ። ከፊታቸው ነው ሥዕሉ እየመጣ እንደሆነ ያወቅሁት።

ስትጨርስ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። የጠየቁት ግን ስለ ሥዕሉ አልነበረም። ሹክሹክታዬን ሰምተው ኖሮ ወደኔ ጠቁመው "ይቺኛዋ ስንተኛ ዓመት ናት?" አሉ።

እኔ ነጠላ ሻጭ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እታለም ቀደመችኝ።

"አንደኛ ዓመት ናት፣ ጋሼ። ከኔ ጋር ጨርሳለች።"

ተማሪነት ያን ቀን ብቻ ነው ያገኘሁት፣ ያም በቅቶኛል።

ውጤቱ በሳምንቱ ተለጠፈ፤ አለፈች! ከአውቶቡስ ወርደን እስከ ቤታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ሮጥን፣ ጭቃው ቀሚሳችን ላይ እየተረጨ። ከአባቷም "ቀጥዪ" የሚል መልእክት መጣ። እናቴ ከሱቅ ጥሩውን ነጠላ አውጥታ አለበሰቻት። "ዓይን አወጣሽ ማለት ነው" አለቻት፤ ለእናቴ ይሄ ምርቃት ነው።

ብታልፍ ትሄዳለች ብሎ ግን የነገረኝ አልነበረም። ሁለተኛ ዓመት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል አሉ። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ያዘች። ክፍሏን እናቴ የጥጥ ማስቀመጫ አደረገችው። እታለም ስትወጣ "ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ የተማርኩትን ሁሉ አስተምርሻለሁ" አለችኝ። ውሸት አልነበረም። በመጀመሪያው ቅዳሜ መጣች። በሁለተኛውም መጣች፣ ቸኩላ፣ ቆማ አወራችኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ፊቴን ታጥቤ፣ ፀጉሬን ተቀብቼ፣ ሱቁ አፍ ላይ ተቀምጬ መንገዱን አይ ነበር። ገበያው የበዓል ዋዜማ ነው፣ ሰው በሰው ላይ ይረማመዳል። ደንበኛ መጣ፣ አልተነሳሁም። እናቴ አየችኝ። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ዝም ብላ እሷ ተነሳች፣ ነጠላውን ራሷ አውርዳ ዘረጋች፣ ራሷ ሸጠች። ሌላ መጣ፣ ደግማ ተነሳች። እስኪመሽ ድረስ አንዴም ተነሺ አላለችኝም።