በሩዝ ጎታ የተደበቀው መዝገብ

በኩሩቶላ መንደር ትምህርት ቤት የሚማሩት ሠላሳ ስምንት ልጆች ሁሉም የተወለዱት ጁላይ አንድ ቀን ነው። መዝገቡ እንዲህ ይላል። ርዕሰ መምህሩም ጁላይ አንድ ተወለዱ። ምግብ አብሳይዋ አግሃኒያም እንደዚሁ፤ ምንም እንኳ ስሟ ራሱ በአግሃን ወር፣ ሩዝ ታጭዶ ብርዱ ሲገባ መወለዷን ቢናገርም።

ነገሩ ተአምር አይደለም። ትምህርት የሚከፈተው ዝናቡ ሲጀምር ነው። እናት ልጇን እየጎተተች ትመጣለች። "መቼ ተወለደ?" ስትባል "ጎርፉ ድልድዩን የወሰደ ጊዜ" ወይም "ቀይዋ ላማችን የወለደች ሰሞን" ትላለች። መዝገቡ ደግሞ ለላም የሚሆን ቦታ የለውም። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ነታም፣ መንደሩ ሁሉ ጉሩጂ፣ ማለትም መምህሬ፣ የሚላቸው፣ ልጁን ፊታቸው ያቆሙና "ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፍና ግራ ጆሮህን ያዝ" ይሉታል። ከያዘ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። ካልያዘ "ሂድ፣ አንድ ዓመት ሩዝ ብላና ተመለስ" ይባላል። ከዚያ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ይቆጥሩና ጁላይ አንድ ብለው ይጽፋሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲሠሩ ማንም ተጎድቶ አያውቅም ነበር፤ ቡድኒ እስክትመጣ ድረስ።

ቡድኒ ረቡዕ ስለ ተወለደች ነው ቡድኒ የተባለችው። ልትመዘገብ በመጣችበት በ2019 ከበሬ ጋሪ ላይ ወድቃ የፊት ሁለት ጥርሶቿ የሉም ነበር። እጆቿ ደግሞ እንደ አባቷ ረጃጅም ናቸው። "ጆሮሽን ያዢ" ስትባል ጆሮዋን አልፋ አንገቷን አከከች። ጉሩጂ እጇን አዩ፣ አፏንም አዩና "ይቺማ ሰባት ሞልቷታል" ብለው ጁላይ አንድ 2012 ሲሉ ጻፉ። እናቷ ሱክዋሮ፣ የትምህርት ቤቱ ሁለተኛዋ ምግብ አብሳይ፣ እዚያው ወጥ ቤት ሽንኩርት ትልጥ ነበር። የጠየቃት የለም። ሲነገራትም "ጉሩጂ ካሉ ይሁን" አለች።

አግሃኒያ ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣችው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ያኔ ባሏ ሞቶባት ነበር፤ ወጥ ቤቱም ሦስት ጉልቻና አንድ የሣር ዳስ ብቻ ነበር። አሁን የቆርቆሮ ጣሪያና ጭስ መውጫ አለው፤ በጣሪያው ላይ እሷ የተከለችው ዱባ ይሳባል። ጠዋት ጠዋት ምስሩን በሰፌድ ዘርግታ ጠጠሩን ትለቅማለች። የትኛው ልጅ ቃሪያ እንደማይወድ፣ የትኛው ሩዙን በኪሱ ለእህቱ እንደሚወስድ ታውቃለች፤ ለዚያኛው ሳታስነቃ አንድ ጭልፋ ትጨምርለታለች። ምግቡ ሲደርስ ጉሩጂ በደንቡ መሠረት አስቀድመው ይቀምሱና በምሳ መዝገቡ ላይ ምን እንደ ተበላ፣ ስንት ልጅ እንደ በላ፣ በማስታወሻው ቦታም የተለየ ነገር ካለ ጽፈው ይፈርማሉ። በዓመት አንድ ቀን፣ ጁላይ አንድ፣ የሁሉም ልደት ነውና አግሃኒያ በወተት የተቀቀለ ጣፋጭ ሩዝ ትሠራለች።

ከአራት ዓመት በፊት የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምስክር ወረቀት ሰጥቷታል። "በሥራ ዘመኗ አንድም ድስት ያላሳረረች" ይላል። ማንበብ ባትችልም የትኛው መስመር ያንን እንደሚል በጣቷ ታሳያለች። ወረቀቱ በመስተዋት ክፈፍ ገብቶ በቤቷ ግድግዳ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተንጠልጥሎበት ተሰቅሏል።

በዚህ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ቡድኒ አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ በትምህርቷም ከክፍሉ ቀዳሚ። በመንደሩ ከአምስተኛ በላይ የለም። ስድስተኛ ክፍል ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ክረምት ላይ ወንዙ ስለሚሞላ ሴቶቹ ልጆች ቤት ይቀራሉ። የቀራት መንገድ አንድ ነበር፦ በከተማው ያለው የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት። ፈተናውን እንደምታልፍ ጉሩጂ አልተጠራጠሩም። ቅጹን ሲሞሉ ግን ብዕራቸው ቆመ። ከ2013 በፊት የተወለደ አይፈተንም ይላል።

"ወይ ጉዴ!" አሉ በረንዳው ላይ ተቀምጠው። "በስድስት ወር አረጀች!"

"ማን ናት ያረጀችው?" አለች ሱክዋሮ ከወጥ ቤቱ ብቅ ብላ።

"ልጅሽ።"

"ልጄማ ገና አሥር ዓመቷ ነው። እርስዎ ነዎት ያስረጇት!"

ጉሩጂ ለወረዳው ትምህርት ኃላፊ ለወይዘሮ ቲርኪ ስልክ ደወሉ። ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ወጥ ቤት ያሉትም ይሰማሉ።

"ማዳም፣ ስሕተት ተሠርቷል። እጇ ረጅም ስለሆነ ነው።"

"ምኗ?"

"እጇ። ጆሮዋን አልፎ ሄደ።"



"ነታም፣ እኔ ለበላዮቼ 'እጇ ረጅም ነው' ብዬ ልጻፍ?"

"ጥርስም አልነበራት፣ ማዳም።"

"ስሙኝ። ልጅቷ በተወለደች ጊዜ የተጻፈ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የፈረመበት ነገር አምጡልኝ፤ ዛሬውኑ አርማለሁ። ትዝታ ግን አልቀበልም። ቅጹ የሚዘጋው ሐሙስ ነው።"

ያ ቀን ማክሰኞ ነበር። ጉሩጂ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና ድንገት ተነሡ። "ቆይ ቆይ! ይቺ ልጅ የተወለደችው እዚሁ ማገዶ ቤት ውስጥ አይደለም እንዴ? በምሳ መዝገቡ ላይ እኮ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ!"

ሱክዋሮ እጇን በሳሪዋ ጠርጋ ሮጠች። የብረት ሣጥኑን ከፈቱ። የ2011 መዝገብ አለ፤ የ2012 አለ፤ የ2014ም አለ። የ2013 የለም። ሣጥኑን እስከ ታች ገለበጡት፤ የወጣው አንድ የሞተ እንሽላሊት ብቻ ነበር።

"ምስጥ በልቶት ይሆናል" አሉ ጉሩጂ።

"ምስጥ ዓመት እየመረጠ ይበላል?" አለች ሱክዋሮ።

አግሃኒያ ድስቱ አጠገብ ነበረች። ማማሰያው በእጇ ቆመ። መዝገቡ የት እንዳለ ታውቃለችና።

ቡድኒ የተወለደችበት ቀን በሕይወቷ ከማትረሳቸው አንዱ ነበር። ለስልሳ አንድ ልጅ ምስር ጥዳ ሳለ ሱክዋሮ ማገዶ ልታመጣ ገብታ ጮኸች። አግሃኒያ ሮጠች። ምጡ የሚጠብቅ ዓይነት አልነበረም። እርጥቧን ሕፃን በሳሪዋ ጫፍ ጠቅልላ ስትወጣ ወጥ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል፤ ምስሩ ከድስቱ ጋር አንድ ሆኗል። ልጆቹ ሩዙን በጨው ከተዘፈዘፈ ማንጎ ጋር በሉ። ጉሩጂ ብዕራቸውን ሲያወጡ አግሃኒያ ለመነቻቸው።

"ጉሩጂ፣ የልጅቷን ይጻፉ። የምስሩን ይተዉት።"

"መዝገብ ነው፣ አግሃኒያ። መዝገብ አይዋሽም" አሉ፤ ለመንደሩ ልጅ ሁሉ ጁላይ አንድ ሲጽፉ የኖሩት ሰውዬ።

በኋላ ከወረዳው ለሽልማት መዝገብ ሊያዩ እንደሚመጡ በተሰማ ጊዜ አግሃኒያ ያንን አንድ መዝገብ በሳሪዋ ሥር ይዛ ወጣች። በቤቷ ባለው የሩዝ ጎታ ውስጥ፣ ነቀዝ እንዳይነካው በመራራ የኒም ቅጠል ጠቅልላ ቀበረችው። ሊያዩ የመጡትም ሩዙን በልተው፣ ጣታቸውን ልሰው ሄዱ። ጉሩጂ ምስሩን ረስተውት ነበር፤ እሷ ግን አንድም ቀን አልረሳችውም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ስትሄድ ቡድኒ ዱባ ተሸክማላት አብራት ሄደች። እንደ ልማዷ እያወራች ነው የምትሄደው።

"እማማ፣ እናቴ ከምሳ ጀምሮ ታለቅሳለች።"

"አንቺስ?"

"እኔ ትንሽ ብቻ። ካልሄድኩ ከእርስዎ ጋር ወጥ ቤት እሠራለሁ። ድስት ሳላሳርር እንዴት እንደምሠራ ያስተምሩኛል። እንደ እርስዎ ወረቀት ይሰጡኛል አይደል?"

ቤቷ በር ላይ ሲደርሱ አግሃኒያ ቆመች። ዱባውን ተቀበለች፤ ልጅቷን ሸኘች። ገብታ ከጎታው አጠገብ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየች፤ ጎታውን አየች። መንደሩ ምን ይላል? እነዚያ ወረዳ ያሉት ጸሐፊዎችስ? ሌባ ይሏት ይሆን? ፊቷ ብቻዋን ሆና እንኳ ጋለ። ከዚያ "ኤዲያ፣ አንዴ አርሯል፣ ዳግመኛ አያርር!" ብላ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ሩዙ ውስጥ ከተተች።

በማግስቱ ጠዋት መዝገቡን ጉሩጂ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ጉሩጂ ከፈቱት። ከገጾቹ መካከል ሩዝ ተንጠባጠበ። አነበቡ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ወረደ።

"አራት ዓመት ሙሉ! አንቺ አግሃኒያ፣ አንቺ ዝምተኛ መስለሽ!"

"ይሳደቡኝ፣ ጉሩጂ። ግን ወደ ወረዳ የሚሄደው ባጃጅ ሳያመልጠን ይሁን።"

ሱክዋሮ ማማሰያዋን ጥላ መጥታ አቀፈቻት። "እትዬ፣ በእኔ ምጥ ምክንያት ነው እንዴ ስትሳቀቂ የኖርሽው?" አለችና እያለቀሰች ሳቀች። "ምነው ብትነግሪኝ፣ 'ያሳረርኩት እኔ ነኝ' ብዬ በመንደሩ አውጅልሽ ነበር!"

የወረዳው ጽሕፈት ቤት በቀይ ጨርቅ በተጠቀለሉ ፋይሎች እስከ ጣሪያው የተሞላ ነው። ወይዘሮ ቲርኪ አጭርና ፈጣን ሴት ናቸው፤ ሻያቸው ጎናቸው ቀዝቅዟል። መዝገቡን ተቀብለው ጉሩጂ ያመለከቷቸውን መስመር ጮክ ብለው አነበቡ።

"ኖቬምበር 27፣ 2013፣ ረቡዕ። የተገኙ ልጆች ስልሳ አንድ። የዛሬ ማስታወሻ፦ አብሳይዋ ሱክዋሮ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ በማገዶ ቤት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። አዋላጅ አግሃኒያ። ስለዚህ ምስሩ..." ቆሙ፤ ቀና አሉ። "...ስለዚህ ምስሩ ፈጽሞ አረረ። ድስቱ ለሦስት ቀን ተዘፈዘፈ።"

ጸሐፊዎቹ አፋቸውን በፋይል ሸፈኑ። አንደኛው ግን አልቻለም፤ ሳቁ አመለጠው።

"ይህ መዝገብ የት ነበር?"

"ሩዝ ጎታዬ ውስጥ፣ ማዳም" አለች አግሃኒያ። ድምፅዋ ከእግሯ ሥር የሚወጣ ይመስላል። "ጉሩጂ አያውቁም። እኔ ነኝ።" ከዘንቢሏም በጋዜጣ የተጠቀለለውን የምስክር ወረቀት ከነአበባው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ይኸውልዎት። ሐሰት ነው የተጻፈው፤ ይውሰዱት። የልጅቷን ብቻ ያርሙልኝ።"

ወይዘሮ ቲርኪ ወረቀቱን አዩት፤ አሮጊቷንም አዩ። መጀመሪያ የቡድኒን ቅጽ ሳቡ። ጁላይ አንድ 2012ን ሰርዘው ኖቬምበር 27፣ 2013 ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱበት። ከዚያ የምስክር ወረቀቱን ከመስተዋቱ ውስጥ አወጡና "አንድም ድስት ያላሳረረች" ከሚለው ጎን በትንሹ የሆነ ነገር ጽፈው እሱንም አተሙበት።

"ምን ብለው ጻፉ?" አለች አግሃኒያ ጉሩጂን በሹክሹክታ።

"'ከአንድ ቀን በቀር፤ በዚያም ቀን ሰው አድናለች።'"

"በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን!" አሉ ወይዘሮ ቲርኪ። "እኔ ቤት በሳምንት ሁለቴ ያርራል፤ ማንም አይመዘግብብኝም። እማማ፣ ቦታው ላይ መልሰው ይስቀሉት። እርስዎ ግን ነታም፣ ከእንግዲህ ጆሮ አስይዘው ልጅ ከመመዝገብዎ በፊት እናቲቱን ይጠይቁ። ወጥ ቤት ተቀምጣ እያለች!"

"እሺ፣ ማዳም" አሉ ጉሩጂ የገዛ ጆሯቸውን እየነኩ።

ወደ መንደሩ ሲመለሱ ምሳው ተበልቶ አልቋል። ጉሩጂ ከድስቱ የተረፈውን ቀምሰው መዝገባቸውን ከፈቱ፤ እየጻፉም አነበቡላቸው። "'አግሃኒያ ለሥራ ወደ ወረዳ ሄዳ ዋለች። ምስሩን ሱክዋሮ ብቻዋን ሠራች። ጨው በዝቶበታል፤ አላረረም።'"

"ጨዉ እንባዬ ነው!" አለች ሱክዋሮ ከውስጥ።

ቡድኒ ፈተናውን አለፈች። በዝናቡ መግቢያ አዲስ ሣጥን ተሸክማ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። ጁላይ አንድ ቀን አግሃኒያ እንደ ልማዷ ለቀሩት ልጆች ጣፋጩን ሩዝ ሠራች።

ኖቬምበር 27 ጠዋት ደግሞ ሳይጠብቁ ወተቱን ጥዳ አገኟት።

"እማማ፣ ዛሬ የማን ልደት ነው?" ብለው ልጆቹ ከበቧት።

"የቡድኒ።"

"እሷማ የለችም!"

"ብትኖርስ ባትኖርስ፣ ተወልዳለች አይደል? ዞር በሉ፣ አታስወሩኝ" አለች፤ ሩዝ በወተት በቀላሉ የሚያርር ነገር ነውና ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሳ።