አምባዛ የሰፋሁበት ሐይቅ ዳር

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አለቃዬ፣ የዓሣ ተመራማሪው ዶክተር፣ የጠየቁኝ ስለ ዲግሪዬ አልነበረም። «ዘይነባ፣ መስፋት ትችያለሽ?» አሉኝ። አባቴ ጎንደር አራዳ ልብስ ሰፊ ነበርና «እችላለሁ» አልኳቸው። የጣት አንጓ የምታህል ጥቁር መለያ መዳፌ ላይ አኖሩ። አምባዛ የተባለው ዓሣ መቼ እንደሚያርፍ፣ መቼ እንደሚዋኝ ለማወቅ ሆዱ ውስጥ የምንከታት እሷን ነበር። ድምፅ ትልካለች፤ ጣና ላይ ከተንሳፋፊ በርሜሎች ሥር ያሰርናቸው መቀበያዎች ይመዘግባሉ።

ጎርጎራ ዳር ዓሣ የሚያመጡልን አያ ሰይድ ነበሩ፤ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል በተሠራ ታንኳ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አጥማጅ። እኔ ዓሣውን በቅርንፉድ ዘይት አፍዝዤ፣ እርጥብ ስፖንጅ ላይ አጋድሜ፣ ሆዱን ጥቂት ከፍቼ መለያውን አስገባና ሦስት ቦታ እሰፋለሁ። እሳቸው ነፍስ እስኪዘራ ገንዳው ውስጥ ደግፈው ይይዙታል።

«ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ድካም?» ይሉኝ ነበር። «አምባዛ ቀን ጭቃው ላይ ይተኛል፤ ሲመሽ ወደ ደንገሉ ይወጣል። እኔን አትጠይቁኝም?»

በሁለተኛው ወር፣ ከሁሉ በፊት የሰፋኋት አምባዛ ድምፅዋ ጠፋ።

ዶክተሩ መዝገቡን አገላብጠው «ቁስሉ አመርቅዞ ሞታ፣ ውኃው ዳር ተፍቷት ይሆናል» አሉ። «እስክናውቅ ድረስ ስፌት ይቁም።» አልተቆጡም። እኔም መርፌውን ጠቅልዬ መለስኩላቸው።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አያ ሰይድ መጡ። ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱ፤ መለያዋ ነበረች።

«አፉ በይኝ ልጄ። መረቤ ገብታ ነው። ባለቤቴ ሆዷን ስትከፍት ይህችን አገኘች። ያንቺ መሆኗን መች አወቅሁ!»

«ቁስሏስ፣ አያ?»

«የምን ቁስል? ገጥሞ የለም እንዴ! ጠባሳው ብቻ ነው የቀረው። ሸጋ አርገሽ ነው የሰፋሻት።»

እንባዬ መጣ። ለዓሣዋ ያለቀስኩ መስሏቸው ደነገጡ። «ተይ እንጂ፤ ነገ ሌላ አመጣልሻለሁ» አሉኝ። በማግስቱም አመጡ፤ ዶክተሩ ራሳቸው መርፌውን አቀበሉኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡ ተሰበሰበ። አምባዛ ቀን ያርፋል፤ ሲመሽ ወደ ደንገሉ ይወጣል። ሄጄ ነገርኳቸው።

«ተመስገን፣» አሉ አያ ሰይድ እየሳቁ፣ «ዓሣው መሰከረልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓሣ ሰፍቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወደዚህ ሥራ አዲስ ለምትገቡ የምላችሁ ይህ ነው፦ የመለያ ድምፅ ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ አጥማጁን ጠይቁ። ድምፁ ሳይጠፋ ብትጠይቁት ደግሞ ይሻላል።